ሳይጽፍ «ተጠናቋል» ላለው ዲስክ፣ ለአለቃው የቀረበ ምስጋና

ፈረስ ቤት፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል
የዋንዛ ውሃ የመስኖ ተራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎ ጤና እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ በስብሰባ ወንበር፣ ድምፅዎ በማይክራፎን፣ መዳፍዎም በጭብጨባ ብዛት እንዳይጎዳብዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ በክቡርነትዎ ቸርነት በፈረስ ቤት ብርድ ውስጥ ደኅና ነኝ፤ ጋቢ ደርቤ፣ ጣቶቼን በትንፋሼ እያሞቅሁ ይህችን እጽፋለሁ።

ያምሮት መንበሩ እባላለሁ፤ የቡሬ ልጅ ነኝ። እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ የጽሕፈት ቤትዎ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ክቡርነትዎን ለመንቀፍ ደፍሬ እንዳልሆነ እግዜር ያውቃል። በፖስታ አሽጌ ያቀረብኋቸው ማስታወሻዎች ሁሉ «ታይቷል» ተብለው መሳቢያ ስለ ገቡ፣ ምስጋና ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም ስለሚሻግት ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ላስረዳ። ዋንዛ ውሃ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ ከመንገዱ በታች የሚወርድ የመስኖ ቦይ ነው፤ በግራና በቀኙ ያሉ ገበሬዎች በጋውን ድንችና ሽንኩርት የሚያለሙት በእሱ ነው። ውሃው ጥቂት፣ ገበሬው ብዙ በመሆኑ በቀን ለአንድ ቤት ብቻ በተራ ይለቀቃል። ቦዩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት የውሃ አባት የሚባሉት አባ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ክቡርነትዎ በተሾሙ ማግሥት ተራ በአፍ መያዙን የኋላ ቀርነት ምልክት ብለው በኮምፒዩተር እንዲሆን አዘዙ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ኮምፒዩተሩ የባለ ተራውን ስም በወረቀት አትሞ ያወጣል፣ አባ ወልደ ዮሐንስም ወረቀቱን ይዘው ይወርዳሉ። ያለ ወረቀት ውሃ የለቀቀ ሰው፣ ወይም ተራው ደርሶ «አልቀበልም» ያለ ሰው ከበጋው ተራ ይሰረዛል። መመሪያው የክቡርነትዎ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም አርፎበታል።

ኮምፒዩተሩ በርዳታ የመጣ ነበር፤ ዲስኮቹን የያዘው ካርድ ግን እጅግ ያረጀ ስለ ነበር የጫንሁበት ሊኑክስ የተባለ አስተዳዳሪ ፕሮግራም አላወቀውም። ሊኑክስ ውስጥ ከርነል የሚባል እምብርት አለ፤ ከርነልን ከዲስክ ጋር የሚያነጋግረው ደግሞ ድራይቨር የሚባል አጭር ፕሮግራም ነው። ለዚያ ካርድ የሚሆን ድራይቨር ባለመኖሩ አንድ እንዳዘጋጅ ይፈቀድልኝ ብዬ አመለከትሁ። ክቡርነትዎም ጉዳዩን በፍጥነት ለሰው ኃይል መሩልኝ፤ ሰው ኃይልም በማግሥቱ በሩ ላይ «ድራይቨር፣ ብዛት አንድ፣ ሦስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ከሊበን ድረስ የመጣ አንድ ጎልማሳ ሾፌር ሰርቨር የምንለው ያ ኮምፒዩተር ያለበት ክፍል ገብቶ ማሽኑን በጥሞና ከዞረው በኋላ «እኅቴ፣ ይኸ የሚነሳው በግፊ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ምስኪኑን ሸኝቼ ድራይቨሩን ራሴ ጻፍሁት።

የድራይቨር ሥራ የአንድ ጨዋ መልእክተኛ ሥራ ነው። ከርነሉ «ይህን ጻፍልኝ» ወይም «ይህን አንብብልኝ» ብሎ ጥያቄውን ከቁጥር ጋር ያስረክበዋል። ድራይቨሩ ለዲስኩ ያደርሳል፤ ዲስኩ ሲመልስለት ለከርነሉ «ተጠናቋል» ወይም «አልተቻለም» ይላል። ምግባሩም ይኸው ነው፤ ሳይፈጸም ተፈጸመ አይልም፣ ያልተቻለውን ተቻለ አይልም፣ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አይዘጋም፣ ተልኮም ዝም ብሎ አይቀርም። የኔው ድራይቨር ይህን ሁሉ ያደርግ ነበር፤ ነገር ግን ዲስኩ ያረጀ ስለ ሆነ «ተጠናቋል» ለማለት ትንሽ ይዘገይ ነበር።

ክቡርነትዎ በዞኑ የፍጥነት ውድድር ከኋላ መቅረታችንን ሰምተው ጠሩኝ።

«ይህ ‹ተጠናቋል› የሚለው ቃል ለምን ይዘገያል?» አሉኝ።

«ዲስኩ ጽፎ እስኪጨርስ ስለሚጠብቅ ነው» አልሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ሥራ እስኪያልቅ ጠብቀን ሪፖርት ያቀረብንበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ?»

አላስታወስሁም። ስለዚህ ድራይቨሩ ከእጄ ተወስዶ ከአጭር ሥልጠና ለተመለሰው ባልደረባዬ ለአቶ ወንዳወቅ ተሰጠ። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ምስጋናዎች የሚጀምሩት ከዚያች ቀን ነው።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ።

አቶ ወንዳወቅ ድራይቨሩን እንዲህ አሻሻሉት። «ጻፍ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ጽሑፉን ለጊዜው ሜሞሪ በሚባለው የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ወዲያው ለከርነሉ «ተጠናቋል» ይለዋል፣ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ግን ማታ ሥራ ሲዘጋ በአንድ ላይ ነው። ከርነሉ ሳይረጋጋ ቀርቶ «በእጅህ ያለውን ሁሉ አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አውርድ» ብሎ ቢያዘው እንኳ ለዚያም «ተጠናቋል» ነው መልሱ። ፍጥነቱ ድንቅ ነበር። ጣት ከመነሳቱ ቃሉ ይደርሳል። ክቡርነትዎም በዞኑ ስብሰባ የምስክር ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ።

ይሁንና የከተማችን መብራት የሥልጠናውን ሰነድ አላነበበም። ሥራ ከመዘጋቱ በፊት ከሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ በማስታወሻ የተያዘውም ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ሰርቨሩን ለዚህ ክፉ ቀን ሊጠብቀው የተገዛው የባትሪ ሳጥን ደግሞ በክቡርነትዎ ቢሮ ቴሌቪዥኑን በመጠበቅ ከፍ ባለ ኃላፊነት ላይ ነበር። እናም ማለዳ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ዲስኩ ላይ የሚያገኘው የጥንቱን ዝርዝር ብቻ ሆነ። በዚያ ዝርዝር ራስ ላይ ያለው ስም አቶ ክንዱ ነው።

አቶ ክንዱ ድንች አልሚ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ውሃውን ተቀብለው ለአባ ወልደ ዮሐንስ ጠላ ጋበዙ። በሁለተኛው ማለዳ አባ ወልደ ዮሐንስ ወረቀት ይዘው ደጃቸው ቆሙ።

«ክንዱ፣ ተራህ ነው።»

«ትናንት ጠጣሁ እኮ አባ!»

«ወረቀቱ ክንዱ ይላል።»

በሦስተኛውም በአራተኛውም እንዲሁ ሆነ። እንቢ እንዳይሉ ከበጋው ተራ ሊሰረዙ ነው፣ እሺ እንዳይሉ ማሳው ኩሬ ሆነ። በሳምንቱ አቶ ክንዱ በጉልበታቸው ተንበርክከው «አባ፣ በማርያም! ድንቸ እኮ ዋና አያውቅም!» ሲሉ፣ አባ ወልደ ዮሐንስ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ደግመው አነበቡና «ስለ ዋና የተጻፈ ነገር የለም፤ የተጻፈው ተራ ነው» ብለው ቦዩን ከፈቱት።

ከዝርዝሩ ሁለተኛዋ፣ በማሳም ጎረቤታቸው የሆኑት ወይዘሮ ሀብትነሽ ናቸው። ወገናቸው ከአዊ ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች የሽንኩርት ማሳ ነው። ከድንበሩ ወዲያ እንቁራሪት ይንጫጫል፣ ከድንበሩ ወዲህ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። «እንቁራሪቱ እንኳ ለክንዱ አደላ» ይሉ ነበር። በየቀኑ ቢሮ መጥተው ሲጠይቁኝ፣ እኔም የኮምፒዩተሩን ሰሌዳ አይቼ «ክንዱ ተጠናቋል፣ ቀጣይ ሀብትነሽ ይላል፤ ነገ የእርስዎ ነው» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን የጠወለገ የሽንኩርት ቅጠል ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና በቀስታ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጀ፣ ይኸ ነገ የምትይኝ ቀን በስንት ወር ነው የሚውለው?»

ነገሩ የገባኝ በማግሥቱ የድራይቨሩን ኮድ ከፍቼ ሳነበው ነው። ወደ ክቡርነትዎ ሮጥሁ። ክቡርነትዎ ግን የተራ አፈጻጸሙ መቶ በመቶ መሆኑን በሥዕል አሳዩኝ፤ እውነትም በየቀኑ አንድ ተራ ተፈጽሟል። የአንድ ሰው ተራ መሆኑ በሥዕሉ ላይ አይታይም።

ሁለቱ ገበሬዎች ተያይዘው አመለከቱ። አቶ ክንዱ «ተራየን ለሀብትነሽ ስጡልኝ»፣ ወይዘሮ ሀብትነሽም «እቀበላለሁ» ብለው ፈረሙ። የጽሕፈት ቤትዎን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «በመመሪያው መሠረት ተራን ማስተላለፍ የሚቻለው በአንድ ቤተሰብ አባላት መካከል ብቻ ስለ ሆነ፣ አመልካቾች ወደ አንድ ቤተሰብነት የሚመጡበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹ ተመክሯል።» ምክሩ ሲነበብ የአቶ ክንዱ ባለቤት ወይዘሮ ጌጥነሽ እዚያው ቆመው ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ ፊታቸው ቀልቶ «ለአንድ ቀን ውሃ ብየ የሰው ባል አልቀማም!» ሲሉ፣ ወይዘሮ ጌጥነሽ ትንሽ አሰብ አድርገው «ለአንድ ቀን ከሆነማ ውሰጂው፤ ማታ ከነዶማው መልሽልኝ» አሉ። ጽሕፈት ቤትዎ በሰው ትዳር ላይ እንኳ መላ የማያጣ በመሆኑ ኮርተንበታል።

ሁለተኛ፤ ስህተትን ከሥሩ ስለ ነቀሉልን አመሰግናለሁ።

ከዲስኮቹ አንዱ ተጎድቶ ነበር። የኔ ድራይቨር የተጎዳው ቦታ ላይ ሲደርስ «አልተቻለም» ይል ነበር፤ ከርነሉም ይህን ሲሰማ ለሚመለከተው ይናገራል፣ ሰውም መላ ይፈልጋል። ክቡርነትዎ ግን በጠቅላላ ስብሰባ «ከዚህ ቤት ‹ስህተት› የሚል ቃል አይወጣም፤ ቢበዛ ቢበዛ ‹ውስንነት› ይባላል» ብለው መመሪያ ሰጡ። እጄን አውጥቼ ከርነሉ ‹ውስንነት› የሚል ቃል እንደማያውቅ፣ የተሳካውን ካልተሳካው የሚለየው በቁጥር ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ። የአመለካከት ችግር እንዳለብኝ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። አቶ ወንዳወቅም ድራይቨሩን ዲስኩ ምንም ይመልስ ምን ለከርነሉ «መልካም ነው» ብቻ እንዲል አድርገው አስተካከሉት።

በየካቲት አንድ ማለዳ ዲስኩ የተራውን ዝርዝር ማንበብ አቃተው። ድራይቨሩ «መልካም ነው» አለ። ከርነሉ አምኖ የተሰጠውን ገጽ ተቀበለ፤ ገጹ ላይ የነበረው ግን የተራ ዝርዝር ሳይሆን ቀደም ብሎ በማስታወሻው ተቀምጦ የቀረ የክቡርነትዎ ወርኃዊ ሪፖርት ቅሪት ነው። ወረቀቱ እንዲህ ተብሎ ታተመ፦ «የዕለቱ ባለ ተራ፦ የላቀ አፈጻጸም።»

አባ ወልደ ዮሐንስ ስም ከነአባቱ መሆኑን አይተው ቅንጣት አልተጠራጠሩም። ከቦዩ ራስ እስከ ግርጌው «የላቀ! የላቀ አፈጻጸም! ኧረ የላቀ የምትባል፣ ና ውሃህን ተቀበል!» እያሉ ወረዱ። አቶ ክንዱ ስማቸው ባለመጠራቱ በደስታ መሬት ሳሙ። ገበሬው እርስ በርሱ ተጠያየቀ፤ አንዱ «የቋሪት ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ በገበዝ ማርያም የላቀ የሚሉት አንድ አውቃለሁ» አለ። ሰውየው አልተገኘም። ውሃው የእሱ ነውና ለሌላ መስጠት በመመሪያው ክልክል ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ወደ ወንዝ ፈሰሰ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ዳር ቆመው ሲፈስ ያዩት ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር።

ተራው ደርሶት ያልተቀበለ ይሰረዛልና በሦስተኛው ቀን «የላቀ አፈጻጸም ከዛሬ ጀምሮ ከጽሕፈት ቤታችን መዝገብ የተሰረዘ መሆኑን እናስታውቃለን» የሚል ማስታወቂያ በክቡርነትዎ ፊርማ ወጣ። ከጽሕፈት ቤቱ ከወጡ ጽሑፎች ሁሉ እውነትነቱን የምመሰክርለት ይህን አንዱን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ድርብ ማረጋገጫው።

ከዚያ ወሬ በኋላ ክቡርነትዎ «እያንዳንዱ ‹ተጠናቋል› ሁለት ጊዜ ይነገር» አሉ። አቶ ወንዳወቅም አደረጉት። ዲስኩ የዘገየ እንደ ሆነ በድራይቨሩ ውስጥ ያለው ጊዜ ጠባቂ «ተጠናቋል» ይላል፣ ዲስኩ ራሱ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ዳግመኛ «ተጠናቋል» ይለዋል። ነገር ግን የተዘጋ ጥያቄ የድራይቨሩ አይደለም፤ ከርነሉ ቁጥሩን ወዲያው ለሌላ ጥያቄ ይሰጠዋል። ሁለተኛው «ተጠናቋል» የሚያርፈው ገና ባልተጀመረው ሥራ ላይ ነው። ቄሱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሬሳው ከተቀበረ በኋላ እዚያው ቦታ ሙሽራ ቆሞ ሳለ ፍትሐቱን ከራሱ እንደ መጀመር ማለት ነው። ከርነሉ ሕያውን ከሙት መለየት ሲያቅተው ደንግጦ ቀጥ ይላል።

ቀጥ ያለው ከዞን እንግዶች ለልምድ ልውውጥ የመጡ ዕለት ሆነ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ለስላሳው ተደርድሮ፣ ክቡርነትዎ ቁልፉን በራስዎ ጣት ሲጫኑ ሰሌዳው ጠቆረና ከላይ እስከ ታች በነጫጭ ፊደል ተሞላ። ከእንግዶቹ አንዱ «ምን እያለ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ራሱን እየገመገመ ነው» አሉ ክቡርነትዎ፣ ሳይደነግጡ።

እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ የነጠላዬን ጫፍ ነከስሁ፤ ከሳቁ ይልቅ እንባው ቀርቦኝ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ፍርድዎ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ።

ኮምፒዩተሩ ግምገማውን አልጨርስ አለ። ወረቀት ስለሌለ ውሃ የለም፤ ቦዩ ለሁሉም ተዘጋ። ጊዜው ሽንኩርቱ ከሥሩ ኳስ የሚይዝበት ነበር፤ ያን ጊዜ ውሃ ያጣ ሽንኩርት ከዚያ በኋላ ባሕር ቢገባ አይድንም። ወይዘሮ ሀብትነሽ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላቸውን በወገባቸው አሥረው ዶማ ይዘው ወጡ። በአቶ ክንዱ ማሳና በራሳቸው ማሳ መካከል ያለውን ድንበር በሦስት ቦታ ናዱት። ተኝቶ የከረመው ውሃ ወደ ሽንኩርቱ ወረደ። አባ ወልደ ዮሐንስ ከላይ ሆነው አዩ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ዕድሜ ልካቸውን «ለዘመድህ አዳላህ» ሲባሉ ኖረው ወረቀት ሲያገኙ ከሐሜት ያዳናቸው መስሏቸው ነው የሙጥኝ ያሉት። እያለቀሱ ሄደው ከሰሷቸው።

ክሱ «ያለ ወረቀት ውሃ መልቀቅ» ነው። ክቡርነትዎ ራስዎ ሰብሳቢ ሆኑ፤ አዳራሹ በገበሬ ሞላ። ማስረጃው ከሪፖርትዎ ተነበበ፦ ሀብትነሽ በበጋው ተራቸውን አግኝተዋል፣ ተጠናቋል። ወይዘሮዋ «የት? በየትኛው እግሬ ገብቸ ጠጣሁት?» አሉ። ዝም እንዲሉ ተነገራቸው። ከተሰረዙ ማሳቸው ጾሙን ሊያድር፣ ልጆቻቸውም ወደ ቡሬ ለሥራ ሊበተኑ ነው።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ኮምፒዩተሩ እዚያው ይምጣ ብዬ ለመንሁ። አምጥተው ሲሰኩት ተነሣ፤ ለጊዜው ነፍስ ዘርቶ ነበር። በሕዝቡ ፊት የወይዘሮ ሀብትነሽን ስም ባለ ተራ አድርጌ አስገባሁ። «ተጠናቋል» አለ፣ በዚያ በተሸለመ ፍጥነቱ። ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልሁት። መልሼ ሰካሁት፤ ተነሣ፤ ባለ ተራውን አሳየ። ክንዱ ይላል።

አቶ ክንዱ ከመቀመጫቸው ዘለው «ኧረ በሕግ! ደግሞ ሊለቅብኝ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ዲስኩ አንድም ቀን አልጻፈም» አልሁ። «የሚጽፍ እየመሰለ ነው የከረመው። ሴትዮዋ የጠየቁት እውነት ነው።»

ክቡርነትዎ ሰሌዳውን አዩና «የመንግሥት ንብረት የሆነን ገመድ ያለ ፈቃድ ነቅለሻል» አሉኝ። ከዚያም ከኮሚቴው ጋር ተመካክረው ወሰኑ፦ ጥፋቱ የመብራት ነው፣ መብራትም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን ድንበሩን ስለ ናዱ ይሰረዙ። እኔ የተማርሁት ነገር ሁሉ ከውስጤ ሲፈስ ተሰማኝና ተቀመጥሁ።

አቶ ክንዱ ግን አልተቀመጡም።

«ድንበሩን የናድሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አንተ በዚያ ቀን ዘመድ ጥየቃ ሄደህ ነበር» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ፣ ግራ ተጋብተው።

«ከመሄደ በፊት ናድሁት። እኔ ነኝ ስላችሁ! ያለ ወረቀት ውሃ የለቀቅሁ ወንጀለኛ እኔ ነኝ። ቅጡኝ! ተራየን ቀሙኝ! ኧረ በእግዜር ቀሙኝ!»

ወይዘሮ ጌጥነሽም ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ባላቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ድንበር የሚንድ ክፉ ሰው መሆኑን በማርያም ስም መሰከሩ። ሕዝቡ ሳቀ፣ ከዚያ አጉረመረመ፣ ከዚያ «ይሰረዝ! ይሰረዝ!» ማለት ጀመረ። አባ ወልደ ዮሐንስ መመሪያውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉና እንደ ዳዊት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «ያመነ ጥፋተኛ ይሰረዛል። ክንዱ ከተሰረዘ ከዝርዝሩ ራስ የምትውለው ሀብትነሽ ናት። ክቡር ሆይ፣ መመሪያው የእርስዎ ነው» አሉ። ክቡርነትዎ መመሪያዎን ተቀብለው የየገጹን ማኅተም አንድ በአንድ ሲመረምሩ አየሁ።

ነገር ግን ስረዛውም ቢሆን ዲስኩ ላይ ካልተጻፈ ማለዳ ክንዱ መመለሳቸው ነው። ሕዝቡ አልነቃነቅም አለ። ክቡርነትዎ በሩንና ሰዓቱን ተራ በተራ ካዩ በኋላ የቀድሞውን ድራይቨር «ለጊዜው» እንድመልሰው ፈቀዱ። መለስሁት። የአቶ ክንዱን ስም ሰረዝሁ። ሰሌዳው ዘገየ። ከዚያ በቀይ ቀለም «አልተቻለም» አለ። ክቡርነትዎ ባርኔጣዎን አውልቀው ሰሌዳውን ሸፈኑት። እኔ ግን በደስታ ዘለልሁ፤ የትኛው ዲስክ እንደ ተጎዳ ነግሮኛልና ዝርዝሩን ወደ ደኅናው ዲስክ አዛወርሁት። እንደገና ጻፍሁ። እንደገና ዘገየ። «ተጠናቋል» አለ። ገመዱን በዚህ ጊዜ የነቀሉት አባ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ሲሰኩት ሀብትነሽ ይላል። አንድ ጊዜ ነቅለው ደግመው ሰኩት፤ አሁንም ሀብትነሽ ይላል። እልልታው ከአዳራሹ አልፎ መንገድ ላይ የነበረውን አውቶቡስ አስቆመ።

በማግሥቱ ማለዳ ውሃው ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ማሳ ገባ። የላይኛው መደብ ሽንኩርት አልዳነም፤ የመካከሉና የታችኛው ግን ድኗል። አቶ ክንዱ ከድንቻቸው ያልበሰበሰውን ነቅለው፣ ማሳቸው ሲደርቅ ለማየት በየማለዳው ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር አሉ። ድራይቨሩም እስከ ዛሬ እየዘገየ እውነቱን ይናገራል፤ ያ «ለጊዜው» መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቁት ክቡርነትዎ ብቻ ነዎት።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ስለ ዝውውሬ አመሰግናለሁ። ያች አንዲት «አልተቻለም» በወርኃዊው ሪፖርት ውስጥ ሳትሸፈን አምልጣ ዞን ደረሰች፤ ጽሕፈት ቤቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ከእኛ ዘንድ የወጣች የመጀመሪያዋ እውነት ነበረች ይባላል። በሳምንቱ ለተሻለ ኃላፊነት ተብዬ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደዚህ ወደ ፈረስ ቤት ተላክሁ። አሁን የማገለግለው የባዶ ከረጢት መጋዘን ውስጥ ነው። ኮምፒዩተር የለም፤ ከረጢቶቹ ግን ባዶ መሆናቸውን አይደብቁም።

የክቡርነትዎ ዘመን እንደ ቦዩ ረዥም፣ ሹመትዎ እንደ ሪፖርትዎ ከፍ ያለ፣ እንቅልፍዎም በኅሊና የማይረበሽ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለሰጡን ሁሉ በተለይም ላልሰጡን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ትእዛዝዎን ከሩቅ ሆና የምትጠባበቅ፣ ታማኝ አገልጋይዎ

ያምሮት መንበሩ
ፈረስ ቤት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው
ለአቶ ክንዱና ለወይዘሮ ጌጥነሽ
ለአባ ወልደ ዮሐንስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አደባባይ ከማውጣቴ በፊት ለክብርዎ ተጠንቅቄ አንድ ቅጂ በአደራ ፖስታ ልኬልዎ ነበር። ዛሬ ተመለሰልኝ። ጀርባው ላይ በቀይ ማኅተም «ቅሬታዋ በጥልቀት ተመርምሮ አጥጋቢ ምላሽ ተሰጥቶበታል» ይላል፤ ከሥሩም ፊርማዎ አለ። ፖስታው ግን በምራቄ እንዳሸግሁት ነው፤ አልተከፈተም።